የቅዳሜዋ በቅሎ

ከማንኩሳ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ ቅዳሜ ጠዋት ሰው አይታይም። ገበያተኛው ሁሉ በላይኛው በኩል፣ በእርሻው ዳር ዞሮ ነው የሚያልፈው። እንግዳ ሰው ምክንያቱን ቢጠይቅ «የታችኛው ያዳልጣል» ይሉታል። በየካቲት፣ አቧራው ሲቦን እንኳ ያው «ያዳልጣል» ነው መልሱ። እውነቱን ለመናገር ሰው የሚሸሸው አንዲት ዳማ በቅሎ ነበር።

በቅሎዋ ልጓም የላት፣ ኮርቻ የላት፣ የሚነዳት ሰው የላት። ጤዛው ሳይረግፍ ወንዙን ተሻግራ ትመጣለች፤ ዳገቱን ቀስ ብላ ትወጣና የወይዘሮ በለጠች አጥር በር ላይ ስትደርስ ትቆማለች። የሰፈሩ ውሻ አይጮኽባትም። እኩለ ቀን ሲሆን ፊቷን አዙራ በመጣችበት ትመለሳለች። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል።

በር ከፍታ የምታስገባት የወይዘሮ በለጠች ልጅ ሠርክአዲስ ናት። የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከወንዙ ማዶ ከሚኖር ቢሆነኝ ጋሹ ከሚባል ገበሬ ጋር ተጫጭታ፣ ሠርጉም ለጥር ተቆርጦ ነበር። ቢሆነኝ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚችው በቅሎ እየመጣ ያያት ነበር። ሲመጣ ከሩቅ ያፏጫል፤ ወይዘሮ በለጠች ደግሞ ያልሰማች ለመምሰል ጓሮ ትገባለች።

በነሐሴ አንድ ቅዳሜ በቅሎዋ ብቻዋን መጣች። ኮርቻዋ ውኃ ይንጠፈጠፋል፤ ልጓሟ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። ሠርክአዲስ በሩን ከፍታ በቅሎዋን አየች፣ ከበቅሎዋ ኋላ ያለውን ባዶ መንገድ አየች። ማንም ምንም ሳይነግራት ሁሉን አወቀች።

ቢሆነኝን በሦስተኛው ቀን ከወንዙ ታች አገኙት። በለቅሶው ዕለት እንደ ደንቡ በቅሎዋ ተጭና፣ ኮቱ ኮርቻው ላይ ተደርጎ፣ በሰው መሀል ተመራች። አርባው በወጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሠርክአዲስ በር ላይ ቆማ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም።

አገሩ እንስሳ የሚያዳምጥ አገር ነው። ወይዘሮ በለጠች ራሷ ወደ ቡሬ ልትሄድ ተነስታ፣ ወፏ በማይሆን ጎን ጮኸችብኝ ብላ ከመኪና ላይ የወረደች ሴት ናት። ስለዚህ የበቅሎዋን ነገር ለመተርጎም ማንም አልተቸገረም፤ ሟቹ እጮኛውን አልለቀቀም ተባለ። የንስሐ አባታቸው ቄስ ስመኘው ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። የሰው ነፍስ በበቅሎ አትመላለስም ብለው ከመጽሐፍ እየጠቀሱ አስተማሩ። ቅዳሜ ሲሆን ግን እሳቸውም በላይኛው መንገድ ነው የሚሄዱት።

ሠርክአዲስ የሰውን ወሬ መስማት አያስፈልጋትም ነበር። እሷ ሌላው የማያውቀውን ታውቃለች። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት በማይረባ ነገር ተኮራርፈው፣ ስልክ ደውላ «ዛሬ ካልመጣህ፣ በቃ ተወው» ብላዋለች። ወንዙ እንደሞላ ነግሯት ነበር። «ሰበብ አታብዛ» ብላ ዘጋችበት።

ይህን ለእናቷ አልነገረችም፤ ለቄስ ስመኘውም አልተናዘዘችም። የምትናዘዘው ለበቅሎዋ ነው። ጨው በመዳፏ ታስልሳታለች፤ ከጭራዋ ላይ ጭጎጎቱን አንድ በአንድ ትለቅማለች፤ እየለቀመችም የሳምንቱን ትነግራታለች። ማን እንደሰደባት፣ ምን እንዳለመች፣ መቼ እንደሳቀች። በቅሎዋ ጆሮዋን ካቆመች ይቅር የተባለች ይመስላታል። ጆሮዋን ከጣለች ሳምንቱን ሙሉ እህል አይወርድላትም። ወደ ቢሆነኝ እናት ቤት ከአርባው ወዲህ እግሯ አልረገጠም። በየትኛው ፊቷ ትሂድ?

አንድ ጊዜ ከደምበጫ አንድ ነጋዴ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው በሩ ድረስ መጡና በቅሎዋን አዩ። በቅሎዋም አየቻቸው። ለሌላ ጊዜ እንመለሳለን ብለው ሄዱ፤ አልተመለሱም። ሠርክአዲስ በዚያ ቀን እፎይ አለች፤ እፎይ ማለቷ ደግሞ አስፈራት።

*

በኅዳር አንድ ቅዳሜ በቅሎዋ እያነከሰች መጣች።

ሠርክአዲስ በዚያ ሳምንት በመምህራን ክፍል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ ስቃለች። የቢሆነኝ ቁጣ ነው አለች በልቧ። ስታነክስ እያየች መቆም ግን አልቻለችም፤ ገመድ አገባችላትና ገበያው ዳር ወዳለው የእንስሳት ጤና ጣቢያ እየሳበች ወሰደቻት። መንገደኛው ግራና ቀኝ እየተከፈለ አሳለፋቸው።

ጣቢያው ውስጥ የነበረው ባለሙያ ናሁሰናይ ይባላል። የአዴት ልጅ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ሁለት ዓመት ሠርቶ ወደዚህ ከተዛወረ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ስለ በቅሎዋ የነገረው ሰው አልነበረም። ካርድ አውጥቶ ብዕሩን ነቀለ።

«ባለቤቱን ማን ልበል?»

«ቢሆነኝ ጋሹ።»

«አንቺስ?»

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«እጮኛው» አለች በመጨረሻ።

«መልካም። ቁስሉን በሳምንቱ አየዋለሁ፤ ቅዳሜ እሱ ራሱ ያምጣት።»

«እሱ አይመጣም» አለች ሠርክአዲስ። «እሷ ግን ትመጣለች።»

ናሁሰናይ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት። አንዳንድ ሰው ሲያይ ይጠይቃል፤ እሱ ግን ዝም ብሎ ነበር ያያት፤ እንዲያ ሆኖ ያያት ሰው ከተገኘ ቆይቶ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የበቅሎዋን እግር በጉልበቶቹ መሀል ያዘ። ሰኮናዋን አጠበ፣ በመቆንጠጫ ጎተተ፣ የጣት አንጓ የምታህል ጋሬጣ አወጣና በሠርክአዲስ መዳፍ ላይ አስቀመጠላት። «ይኸው፤ ያስነከሳት ይህ ነው» አላት። ሠርክአዲስ ጋሬጣዋን ይዛ ብዙ ቆመች። ቁጣ ነው ያለችው ነገር በመቆንጠጫ መውጣቱ ገርሟት ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቁስሉን ለማየት እሱ ራሱ በታችኛው መንገድ መጣ። በዚያ መንገድ መሄድ እንደማይገባ አንዳንዶቹ ነግረውታል፤ አያዳልጥም ብሎ መለሰላቸው። ቁስሉ በሁለት ሳምንት ዳነ፤ ናሁሰናይ ግን ቁስሉን ማየቱን አልተወም። ወይዘሮ በለጠች መጀመሪያ በርጩማ አወጣችለት፣ ቀጥሎ ጠላ፣ በመጨረሻ እንደ ድሮው ጓሮ መግባት ጀመረች።

ስለ በሽታ፣ ስለ አዴት ዝናብ፣ ፊደል ስለማይገባቸው ልጆች ያወሩ ነበር። ብዙውን ጊዜ ደግሞ አያወሩም። እሱ የበቅሎዋን አንገት በዚህ በኩል ይዞ፣ እሷ በዚያ በኩል ጭጎጎት እየለቀመች፣ በበቅሎዋ ጀርባ ላይ ዓይናቸው ይገናኝና ሁለቱም ሥራ ያለባቸው ይመስል ያጎነብሳሉ። በጥር ለስብሰባ ፍኖተ ሰላም ስትወርድ እሱም ክትባት ሊያመጣ ወርዶ ነበር። አብረው ሻይ ጠጡ፤ ከዚያም መናኸሪያው ድረስ ሸኛት። መኪናው ሲነሳ በመስኮቱ እጇን ያዘ፤ እሷም አልነጠቀችውም። ማንኩሳ እስክትደርስ ድረስ እጇን ከጭኗ ላይ አላነሳችም።

የወደደችው ያኔ መሆኑን አወቀች። የፈራችውም ያኔ ነው።

በየካቲት መጀመሪያ ናሁሰናይ ሽማግሌ ልላክ ወይ ብሎ ጠየቃት። እስከ ቅዳሜ ጠብቀኝ አለችው። ለምን ቅዳሜ እንዳለች ገብቶት ነበር።

ቅዳሜ በቅሎዋ መጣች። ሠርክአዲስ ጨውዋን አስልሳ፣ ግንባሯን በግንባሯ ደግፋ፣ የናሁሰናይን ስም ጠራችላት። በቅሎዋ ትንሽ ቆየችና አንገቷን አዙራ ወደ ወንዙ አየች።

*

መልሱን የነገረችው በሥራ ቦታው፣ በክትባት ሳጥኖቹ መሀል ቆማ ነው። አይሆንም አለችው። እንባዋ ይወርድ ነበር፤ ስለዚህ አይሆንም ማለቷን ለማመን ተቸገረ።

«እምቢ ያለኝ ማን ነው?» አለ ናሁሰናይ። «አንቺ ነሽ፣ በቅሎዋ ናት?»

እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቤቱ ነገራት። አዴት፣ አባቱ የሞቱ ዕለት፣ በሬያቸው ሣር መንካት አቆመ። እናቱም ጎረቤቱም ለጌታው አዘነ እያሉ አለቀሱለት። ለቅሶ የመጣው ሁሉ በሬውን ሳይሳለም አይወጣም ነበር። በሬው በሳምንቱ ሞተ።

«መንጋጋው መግሎ ነበር» አላት። «አፉን ከፍቶ ያየው አንድ ሰው አልነበረም። ሁላችንም የራሳችንን ሐዘን እናይበት ነበር። ይህን ሙያ የተማርኩት በዚያ በሬ ነው።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ቅዳሜ ለምንድን ነው የምትመጣው? ንገረኛ፣ አንተ አዋቂው።»

«አላውቅም። ግን እንስሳ ቀን አይቆጥርም፣ ሠርኬ። ቀን የሚቆጥር ሰው ነው።»

ሠርክአዲስ በጥፊ የተመታች ያህል ደነገጠች። ሁለት ዓመት የተናዘዘችለትን ነገር ከእጇ ሊነጥቃት የመጣ መሰላት። ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ ብላው ወጣች። እሱም ቃሏን አከበረ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም።

ቃሉ ግን አልተዋትም። ስታስተምር፣ ስታርም፣ ልብስ ስታጥብ ይመጣባታል። ቀን የሚቆጥር ሰው ነው። እንዲያ ከሆነ፣ ያ ሰው ማን ነው?

በዚያ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ በቅሎዋ ፊቷን ስታዞር፣ ሠርክአዲስ ነጠላዋን አንስታ ተከተለቻት።

ወንዙ ከቁርጭምጭሚት በላይ አልነበረም። ቢሆነኝን የወሰደው ይህ ውኃ ነው ብሎ ማመን ያስቸግር ነበር። በቅሎዋ መሀል ላይ ቆም ብላ ጠጣች። ሠርክአዲስ ደግሞ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ድንጋዩን በእግሯ እየዳሰሰች ተሻገረች። አንዴም ወደ ውኃው ጎንበስ ብላ አላየችም።

የቢሆነኝ እናት እማሆይ ወለተ ኢየሱስ በረታቸው በር ላይ ገመድ ይዘው ቆመዋል። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ መንኩሰው ቆብ ደፍተዋል። በቅሎዋ ስትደርስ መጀመሪያ ጭራዋን ዳሰሱ። ቀጥለው አፏን ወደ ፊታቸው አስጠግተው አሸተቱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ሲገልጡት ሠርክአዲስን አዩ።

እማሆይ በእጃቸው የድንጋዩን መደብ አሳዩዋት፤ ተቀመጠች።

«የሚፈቷት እርስዎ ነዎት?» አለች ሠርክአዲስ።

«ከእኔ ሌላ ማን ይፈታታል ልጀ?» አሉ። «ጠዋት ጠዋት መሬቱን በኮቴዋ ትደበድበዋለች። እሱ የሚነሳበት ሰዓት ነው። የሌላውን ቀን እችለዋለሁ፤ የቅዳሜውን ግን አልቻልሁም። አንች እንኳ ልጅቱ ዘንድ ድረሽ ብዬ እፈታታለሁ።» ገመዱን በጣታቸው ጠቀለሉ። «ስትመለስ ጭራዋ ተለቅሞ፣ ከንፈሯ ጨው ጨው ብሎ ትመጣለች። ልጅቱ አልረሳችውም እላለሁ። ሳምንቱን የምውለው በዚያ ነው።»

«እኔ ደግሞ እሱ የሚልካት መስሎኝ...» አለች። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለበቅሎ የነገረችውን ለሰው ነገረች። ስልኩን፣ ኩርፊያውን፣ ሰበብ አታብዛ ያለችውን። አንገቷን ደፍታ ነበር የተናገረችው፤ ስትጨርስ እርግማን ጠበቀች።

«አውቃለሁ» አሉ እማሆይ። «ስልኩ ሲጮኽ አጠገቡ ነበርሁ። ወንዙን አይቶት ሊቀር ነበር። ልጅቱን አታስቀይም፣ በቅሎዋ ወንዝ ታውቃለች ብዬ በእጄ የጫንሁለት እኔ ነኝ።»

ሠርክአዲስ ቀና አለች። የእማሆይ ፊት ደርቆ ነበር።

«ይህን ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነው ደጅሽን የሸሸሁት» አሉ።

«እኔም እርስዎን ፈርቼ ነው የቀረሁት።»

ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ። ሠርክአዲስ ጉልበታቸውን ሳመች፤ እሳቸው መቁጠሪያ በያዘ እጃቸው ራሷን ዳሰሱ። አላለቀሱም። በመሀላቸው የነበረው ነገር በአንድ ቀን እንባ የሚወጣ አልነበረም።

ልትነሳ ስትል እማሆይ የበቅሎዋን እግር አንስተው የዳነውን ቁስል አዩ።

«ይችን ያከመ ማን ነው?»

«አንድ ሰው ነው» አለች ሠርክአዲስ፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ።

እማሆይ ቁስሉን በአውራ ጣታቸው ደባበሱት። «እጁ ደግ ነው» አሉና ሌላ አልጠየቋትም።

ሠርክአዲስ የምትለው ነበራት። አይፍቷት ልትል ይገባ ነበር፤ ወይም ይፍቷት። ሁለቱንም መናገር አልቻለችም። እስከ ትናንት የያዛት የሞተ ሰው መስሏት ነበር፤ ዛሬ የያዘቻት አንዲት አሮጊት ሆና አገኘቻት፤ ይህ ደግሞ ይብሳል። እንዲህ ያለውን እጅ እንዴት ያስለቅቋል? በወጉ ተሰናብታ ወንዙን ተሻገረች።

*

በሚቀጥለው ቅዳሜ በቅሎዋ አልመጣችም።

ሠርክአዲስ ጨው በመዳፏ ይዛ በሩ ላይ ተቀመጠች። ጤዛው ረገፈ፤ ፀሐይ ዳገቱን ወጣች፤ መንገዱ ባዶውን ቀረ። መጀመሪያ ዘግይታ ነው አለች። ኋላ ገባት። ማዶ አንዲት እናት የኮቴውን ድብደባ እየሰሙ፣ ገመዱን ሳይፈቱ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ተቀምጠዋል። ከዓለም የቀረቻቸውን አንዲት ቅዳሜ ለእሷ ሲሉ ትተዋታል። ይህን ስታውቅ ከሆዷ የወጣውን ድምፅ እናቷ ጓሮ ሆና ሰማችው።

ወይዘሮ በለጠች በቅሎዋን ስትፈራ የኖረች ሴት ናት፤ የበቅሎዋ መቅረት ግን የባሰ አስፈራት። ልጇን አባበለች፣ ጠራቻት፤ ሠርክአዲስ አልሰማቻትም። ያን ጊዜ ነጠላዋን ደርባ፣ ማንንም ሳታማክር፣ የማናቸውንም ወፍ ጩኸት ሳትሰማ፣ ቀጥ ብላ ወደ ናሁሰናይ ሄደች።

እሱ ሲመጣ የመድኃኒት ቦርሳውን ይዞ ነው። በቅሎዋ የታመመች መስሎታል።

«አልታመመችም» አለችው ሠርክአዲስ። «ታስራ ነው። እውነትህን ነበር፤ ቀኑን የሚቆጥር ሰው ነው።» ከዚያ ሁሉንም ነገረችው፤ ስልኩንም ጭምር። ፊቱን እያየች ነበር የነገረችው። አንዲት ነገር ብትለወጥበት ልታየው ፈልጋ ነበር። «ሁለት ዓመት ሙሉ አልሞተብኝም ነበር፣ ናሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ነበር። ዛሬ ነው የሞተብኝ።»

ናሁሰናይ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠና ተነስቶ ከበሩ ወጣ። ሠርክአዲስ ዓይኗን ጨፈነች። ሄደ አለች፤ አልፈረደችበትም። የትኛው ወንድ ነው ሽማግሌ ልላክ ብሎ በጠየቃት ሴት ደጅ ተቀምጦ የሌላ ሰው ስም የሚሰማ?

ከአጥሩ ውጭ የእናቷ ድምፅ ተሰማ። ናሁሰናይ ነጠላዋን እንድታውሰው ጠይቋት ነበር። ተመልሶ ሲገባ ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቆ ለብሷል። ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ በዝግታ፣ ገና ዛሬ ሬሳ ወደ ወጣበት ቤት እንደሚገባ ሰው ገባ። አጠገቧ አልተቀመጠም፤ ራቅ ብሎ፣ ለቅሶ ደራሽ በሚቀመጥበት ቦታ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት።

«እግዚአብሔር ያኑርህ» አለች።

ከዚያ ናሁሰናይ ለቅሶ ቤት እንደሚጠየቀው ጠየቃት።

«ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

ሠርክአዲስ መጀመሪያ ፉጨቱን ነገረችው። ቀጥላ ደግሞ ካርታ ሲጫወቱ ሊያሸንፍ ሲል አውቆ የሚሸነፍላት፣ በእርሻ መሀል የቆቅ ጎጆ ካየ በሬውን አዙሮ የሚያርስ ሰው እንደነበር ነገረችው። ክፋቱንም አልደበቀችም፤ ሲያኮርፍ ሦስት ቀን ነው አለች። እየተናገረች ማልቀስ ጀመረች፤ አለቃቀሷም ሁለት ዓመት ስትውጠው የኖረችው ነበር። ናሁሰናይ አላባበላትም። አንድ ጊዜ ቀና ስትል እሱም ፊቱን በነጠላው ጫፍ ሲጠርግ አየችው። አይቶት ለማያውቅ ሰው፣ ቢኖር ኖሮ እሷን ሊወስድበት ለነበረ ሰው እያለቀሰ ነበር።

ፀሐይ ወደ ማዶ ስታዘነብል እንባዋ ቆመ። ፊቷን ታጠበች፤ ለእሱም ውኃ አመጣችለት። እጁ ላይ እያፈሰሰችለት ነው የተናገረችው።

«ሽማግሌ ላክ።»

ውኃው በጣቶቹ መሀል እየፈሰሰ ቀና ብሎ አያት። «ነገ እናትሽ ዘንድ ይመጣሉ።»

«እናቴ ትቆያለች» አለች ሠርክአዲስ። «መጀመሪያ ወንዙን ይሻገሩ። እኔን የሚጠይቁት ከእማሆይ ወለተ ኢየሱስ ነው።»